ከሐረርና ከድሬዳዋ አፈር የውሃ ቀለም እንዴት ይዘጋጃል?

ሰዓሊ የሚጠቀምበት ቀለም ሁሉ ሁለት ነገሮችን ይይዛል፤ አንዱ መልኩን የሚሰጠው ደቃቅ ዱቄት ወይም ፒግመንት ሲሆን፣ ሌላው ይህን ዱቄት ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቀው ማያያዣ ነው። ፒግመንት ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ለጊዜው ተንሳፎ ቆይቶ ቀስ በቀስ ይዘቅጣል። እርድና ሂና ግን በብርሃን ቶሎ የሚደበዝዙ ስለሆኑ፣ ለዓመታት እንዲቆይ ለታሰበ ሥዕል አይሆኑም። በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ ለሚኖር ሰው የሚሻለው ምንጭ ቀይና ቢጫ አፈር ነው፤ መልኩ የሚመጣው ከብረት ማዕድናት በመሆኑ ፀሐይ አያደበዝዘውም።

ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ፣ ዕድሜያቸው 40,000 ዓመት ገደማ የሚሆን 4,213 የኦክር፣ ማለትም የብረት ማዕድን የበዛበት አፈርና ድንጋይ፣ ቁርጥራጮች ከነመፍጫ ድንጋዮቻቸው በቁፋሮ ተገኝተዋል፤ ክብደታቸውም በድምሩ 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በሐረር ጀጎል ባህላዊ ቤቶች ደግሞ ወለሉና ነደባው፣ ማለትም ከፍ ያለው የመቀመጫ መደብ፣ ቀይ ይቀባል፤ ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው የሚል ትውፊትም አለ።

የመጀመሪያው ሥራ አፈሩን መምረጥ ነው። ከላይ ያለው አፈር ሥርና ብስባሽ ስለሚበዛበት በኋላ ይሻግታል፤ ስለዚህ ለመንገድ ሥራ ከተቆረጠ ገደል ወይም ከጉድጓድ ጎን፣ ከሥሮቹ በታች ካለው ንብርብር መውሰድ ይሻላል። ቆንጠር አድርገው በውሃ ያርጥቡና ነጭ ወረቀት ላይ ይሹት፤ ደርቆ ሲራገፍ ወረቀቱ ላይ የጠራ መልክ ከተወ ለሥራ ይሆናል፤ አሸዋው ብቻ ረግፎ ወረቀቱ ነጭ ከቀረ ግን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ጣሳ አፈር ይበቃል። ከሰው ይዞታ የሚወስዱ ከሆነ ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ጥንታዊ ዋሻዎችንና እንደ ለገ ኦዳ ያሉ የዋሻ ሥዕሎች የሚገኙባቸውን ቦታዎች ግን ፈጽሞ መንካት አይገባም፤ ከዚያ የሚነሳ እፍኝ አፈር የታሪክ ማስረጃ ይዞ ነው የሚሄደው።

ቀጥሎ ያለው ማጠብ ነው፤ በእኔ እምነት የቀለሙ ጥራት የሚወሰነው አፈሩ በሚገኝበት ቦታ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። ተራ የሚመስል አፈር በሚገባ ሲታጠብ ደማቅ ቀለም ይወጣዋል፤ እጅግ ያማረ አፈር ደግሞ ሳይታጠብ ቢቀር ወረቀት የሚቧጭር ጭቃ ሆኖ ይቀራል። የደረቀውን አፈር ለምግብ በማይውል ሙቀጫ ይውቀጡና በወንፊት ይንፉት። አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ አፍንጫና አፍን በጭንብል መሸፈን ግዴታ ነው። አንድ ጣሳ ዱቄት በአምስት ጣሳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨምረው በኃይል ያማስሉ፤ ላይ የሰፈፈውን ሥርና ገለባ ይግፈፉ፤ ከዚያም ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቀው የደፈረሰውን ውሃ በዝግታ ወደ ሁለተኛ ዕቃ ይገልብጡ። በባልዲው ሥር የሚቀረው፣ ፀሐይ ላይ ሲያዩት ብልጭ ብልጭ የሚለው ነገር አሸዋና ጠጠር ነው፤ በላዩ ደጋግመው ውሃ እያፈሰሱ፣ የሚወጣው ውሃ መልክ አልባ እስኪሆን ድረስ ይጠቡት።

ሁለተኛውን ዕቃ እንዲሁ አማስለው አንድ ደቂቃ ካቆዩ በኋላ፣ ድፍርሱን ወደ ሦስተኛ ዕቃ አሳልፈው ከድነው ይተዉት። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ላይ ያለው ውሃ ይጠራል፤ እሱን ቀስ ብለው ሲያፈሱት ከታች የሚገኘው ልም ጭቃ ፒግመንቱ ነው። በሁለት ጣት ሲሹት ምንም የሚሻክር ነገር ሊሰማ አይገባም፤ ከሻከረ ማጠቡን ይድገሙት። ሸክላነቱ የበዛ አፈር ለቀናት አልዘቅጥ ሊል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ቆንጠር ጨው ቢጨመርበት ደቃቁ አፈር ተያይዞ ይወርዳል፤ ጨው በቀለም ውስጥ ከቀረ ግን ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ከዚያ በኋላ በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ጭቃውን ሰሐን ላይ በስሱ ዘርግተው፣ ስስ ጨርቅ አልብሰው ጥላ ውስጥ ያድርቁትና መልሰው ይፍጩት።

ቢጫ አፈር ያገኘ ሰው ከአንዱ አፈር በርካታ ቀለሞችን ሊያወጣ ይችላል። የቢጫው መልክ የሚመጣው ጎኤታይት ከሚባለው፣ ውሃ ከያዘ የብረት ማዕድን ነው፤ ይህ ማዕድን ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ውሃውን ያጣና ቀዩ ሄማታይት ይሆናል። ለዚህ የታጠበውን ዱቄት በአሮጌ የብረት ምጣድ ላይ አድርገው፣ ከቤት ውጭ በከሰል እሳት ላይ ሳያቋርጡ ያምሱት። መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎ የሸክላ ጡብ መልክ ያወጣል። ዱቄቱ በትኩስነቱ ከእውነተኛ መልኩ ይልቅ የጠቆረ መስሎ ስለሚታይ፣ በዓይን ብቻ ከመፍረድ ይልቅ በየጊዜው በማንኪያ ጥቂት ጥቂት እያወጡ ለየብቻ ማቀዝቀዝ ይገባል።

ለጥቁር የኩራዝ ጥላሸት ወይም በደንብ የተፈጨ ከሰል ይሆናል፤ ጥላሸት ውሃ አልቀበል ስለሚል አስቀድሞ በጥቂት ጠብታ አልኮል ማራስ ነው። ነጭ የኖራ ድንጋይ በድሬዳዋ ዙሪያ ሞልቷል፤ ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ካወጣ እሱው ነው። ይሁንና ዱቄቱ በሙጫ ሲለወስ ከሥሩ ያለውን አሳልፎ የማሳየት ባሕርይ ስላለው በውሃ ቀለም ሥራ የወረቀቱን ንጣት መጠቀም ይበልጣል። ሰማያዊውን አልትራማሪን ገዝቶ መጠቀም ነው። ምንነቱ ያልታወቀ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ድንጋይ አርሴኒክ ሊኖርበት ስለሚችል አይፈጭም።

ማያያዣው የግራር ሙጫ ነው። ገበያ ላይ ከዕጣን ጋር እንዳይምታታ አንዷን እንክብል በብርጭቆ ውሃ ይዘፍዝፉ፤ ሙጫ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፤ ዕጣን ግን ውሃውን ወተት አስመስሎ ዝቃጭ ይተዋል። አንድ እጅ የተወቀጠ ሙጫ በሁለት እጅ ለብ ያለ ውሃ ያሳድሩና በስስ ጨርቅ ያጥልሉት። በሙቀት እንዳይሰነጣጠቅ ጥቂት ማር፣ እንዳይሻግት ደግሞ አንድ ሁለት ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት ይጨመርበታል።

ዱቄቱንና ማያያዣውን በእኩል መጠን ወፍራም መስታወት ላይ አድርገው፣ ታቹ ልስልስ በሆነ ድንጋይ፣ ድልህ በመጅ እንደሚሰለቅ እያዞሩ ይሰልቁት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። የድሬዳዋ ሙቀት ቀለሙን መስታወቱ ላይ ስለሚያደርቀው ማለዳ መሥራት ይመረጣል። ከዚያ ወረቀት ላይ ቀብተው ሲደርቅ በጣት ያሹት፤ ዱቄት ከለቀቀ ሙጫ አንሶታል፤ ካብረቀረቀ ወይም ከተሰነጣጠቀ ሙጫ በዝቶበታል። የተስተካከለውን ቀለም በንጹሕ የለስላሳ ቆርኪ ውስጥ እስከ ግማሽ ሞልተው ያድርቁ፤ ሲደርቅ ስለሚሰረጉድ በላዩ ሁለተኛ ዙር ይሙሉበት፤ አፈሩ የተወሰደበትንም ቦታ ከቆርኪው ሥር ይጻፉ።