ሉቪ፦ የቆጵሮስ አደንጓሬ በቆስጣ

ቆጵሮስ ውስጥ ሉቪ የሚሉት ምግብ አለ፣ ለፆም በጣም ነው የሚመቸው፣ ስጋ የለው ቅቤ የለው፣ ቆስጣው ደሞ የኛው ቆስጣ ነው። አደንጓሬው ግን ቀዩ አይደለም፣ ያቺ ነጣ ብላ መሀሏ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት ናት።

ለ4 ሰው 250 ግራም ይበቃል። ማታ ዘፍዝፏት፣ ካልዘፈዘፋችሁም ችግር የለውም ቶሎ ነው የምትበስለው። በቀዝቃዛ ውሃ ጥዳችሁ ከፈላች በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁና ውሃውን ድፉት፣ ስለሚጠቁር መረቁን ያበላሸዋል፣ ከዛ በአዲስ ውሃ እንደገና ጣዱ። 30 ደቂቃ አካባቢ ላይ ቅመሷት፣ ለመብሰል ትንሽ ሲቀራት የ1 እስር ቆስጣ ግንዱን አስቀድማችሁ ቅጠሉን ቆየት አድርጋችሁ ጨምሩ፣ ዙኩኒ ካለም ወፈር ወፈር አድርጋችሁ ጣል። ጨው መጨረሻ ላይ።

አሁን ዋናው ነገር፣ እዚህ ምንም ነገር አይቁላላም! ሽንኩርት አቁላልቶ መጀመር ለለመደ ሰው ይከብዳል ግን እመኑኝ። አጥልሏትና ትንሽ መረቅ አስቀሩ፣ ከዛ ሳህን ላይ ትኩስ እያለች ጥሬውን የወይራ ዘይት ለአንድ ሰው 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል (አትሰስቱ) አፍስሱባትና ሎሚ በደንብ ጭመቁ። በርበሬ ለማድረግ እጃችሁን ይበላችኋል፣ ተዉት፣ የዘይቱን ጣዕም ይውጠዋል።

ከጎን ጥሬ ሽንኩርት፣ የወይራ ፍሬና ዳቦ። ፆም ካልሆነ እነሱ የቆርቆሮ ቱናም ያደርጉበታል። ከተረፈ ማግስቱን ሳይሞቅም ይበላል፣ ሎሚ ብቻ ጨመር አድርጉ።