የድሮ ቀለም ስላይድ፦ ስካን ከማድረጋችሁ በፊት ዓይነቱን ለዩ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተነሱ ስላይዶች (በትንሽ ፍሬም የተያዙ፣ በፕሮጀክተር የሚታዩ የፊልም ፎቶዎች) የሞሉበትን ሳጥን ስትከፍቱ ከፊሎቹ ትናንት የታጠቡ ይመስላሉ፤ በሌሎቹ ላይ ግን ሰማዩም ሰዉም በርበሬ መስሏል። ሁሉም የኖሩት እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። የሚለያያቸው ፊልሙ ነው።

1. ፍሬሙን አንብቡ። የፊልሙ ስም አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ላይ ታትሟል። ከሌለ ስላይዱን ወደ መብራት አጋድላችሁ ደብዛዛውን ገጽ ተመልከቱ፤ ኮዳክሮም (የኮዳክ ኩባንያ የስላይድ ፊልም) ከሆነ ምስሉ እንደ ተቀረጸ ጎላ ጎላ ብሎ ይታያል። የኮዳክሮም ቀለም የሚፈጠረው በእጥበት ጊዜ ከውጭ በሚገባ ኬሚካል ስለሆነ ፊልሙ ውስጥ የሚቀር ትርፍ ቀለም ፈጣሪ ኬሚካል የለም፤ ጨለማ ውስጥ ብዙ ይቆያል። የዚያን ጊዜ ኤክታክሮም (ሌላው የኮዳክ ስላይድ ፊልም) ግን ጨለማ ውስጥም ይለቃል። ሲያኑ (ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም) ቀድሞ ሲሄድ ቅላቱ ይቀራል። ኢ-6 በሚባለው የእጥበት ዘዴ የታጠቡት የኋለኞቹ ይሻላሉ።

ፕሮጀክተር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ በመብራት ቶሎ የሚደበዝዘው ኮዳክሮም ነው። ለእንግዳ ቅጂውን አሳዩ።

2. አቧራውን በላስቲክ መንፊያና በለስላሳ ብሩሽ አንሱ። ሻጋታ ካለ ውኃ አታስነኩ፤ ሻጋታው ጄላቲኑን ስለሚበላው ምስሉ ከውኃው ጋር ታጥቦ ሊሄድ ይችላል። ቢያንስ 98 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ነክራችሁ መጀመሪያ በማትሳሱለት ስላይድ ጥግ ላይ ሞክሩ። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ፊልም ካገኛችሁ ወዲያው ለብቻው አስቀምጡት፤ የሚወጣው አሲድ አጠገቡ ያሉትንም ያበላሻል።

3. በ4000 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት)፣ በ16 ቢት ቲፍ (የምስል ፋይል ዓይነት) ስካን አድርጉ፤ ከአንድ ስላይድ ወደ 21 ሜጋፒክስል ይወጣል። ለኮዳክሮም የስካነሩን የኢንፍራሬድ አቧራ ማጥፊያ ዝጉት፤ ጥቁር የፀጉር መስመሮችን አቧራ ብሎ ያደበዝዛቸዋል። ለቀላው ስላይድ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቻናሎችን (ምስሉ የተሠራባቸውን ሦስት የቀለም ክፍሎች) ለየብቻ አስተካክሉ። ከቀይ ጀምሩ፤ ጥላው ቡና ቀለም ሆኖ የሚታየው እዚያ ጥቁር ስለጠፋ ነው። ፈጽሞ እምቢ ካለ አረንጓዴውን ቻናል ብቻ ወስዳችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጉት፤ ዝርዝሩ ብዙውን ጊዜ እሱ ላይ ይተርፋል።

4. ስላይዱን ለማስቀመጥ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ኪስ አትጠቀሙ፤ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ይሁን። የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 40 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ65 ሲያልፍ፣ በተለይ በክረምት፣ ሻጋታ ይነሳል። ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጡ ከሆነ ሁለት ዚፕ ከረጢት ደርቡ፤ ስታወጡት እስኪሞቅ አንድ ሌሊት ሳትከፍቱ አቆዩት፣ አለዚያ ፊልሙ ላይ ጤዛ ይወርድበታል።