ልጅ ተወለደ፤ የውርሱንስ ወረቀት አሰባችሁበት?

አራስ ቤት ገንፎ እየተገነፋ ስለ ኑዛዜ ማውራት ሟርት ይመስላል። አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ያነሳ ሰው አማቱ ፊት ምን ሊባል እንደሚችል ታውቁታላችሁ። ስለዚህ እንግዳው ሲሄድ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ተነጋገሩበት።

መጀመሪያ ልደቱን አስመዝግቡ። ቀበሌ ነው፣ ጊዜው 90 ቀን ነው፣ አታሳልፉት። በወረቀት ካልተጋባችሁ አባትየው ራሱ ቀርቦ ልጄ ነው ይበል፤ እሱ ካለፈ በኋላ አባትነቱን ፍርድ ቤት ለማስረዳት መሯሯጥ እናትየዋን ያደክማታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ባል ሲሞት ሚስት ትወርሳለች ብሎ ያምናል። አትወርስም! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልና ሚስትን ያለ ኑዛዜ አያወራርስም። ሚስት የምትወስደው በትዳር ከተፈራው ንብረት የራሷን ግማሽ ነው፤ የባልየው ግማሽ ለልጆቹ እኩል ይከፋፈላል፣ ከትዳር ውጭ የወለደው ካለ እሱም ጭምር፣ ልጅ ከሌለው ደግሞ ለእናትና ለአባቱ ይሄዳል። ሚስት ብትቀድምም ያው ነው። ስለዚህ ያ ጡት የሚጠባው ልጅ ነገ የቤታችሁ የግማሹ ባለቤት ሊሆን ይችላል፣ እናቱም ቤቱን ልሽጥ ብትል የሱን ድርሻ ፍርድ ቤት ሳያስፈቅዱ መሸጥ አይቻልም።

ለባለቤታችሁ ተጨማሪ ነገር መተው ከፈለጋችሁ መንገዱ ኑዛዜ ነው። ግን «ሁሉንም ለሚስቴ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ልጅን ከወራሽነት አያስወጣም።

ካርታው በማን ስም ነው? ይሄን ጥያቄ አትዝለሉት። እዚህ ከተማ ስንቱ ባልና ሚስት በእናት ግቢ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ፣ ወይም ውጭ አገር ባለ ወንድም ስም በተገዛ ቤት ውስጥ እየኖረ «ቤቴ» ይላል። በእናታችሁ ስም ያለ ቤት ኑዛዜያችሁ ውስጥ አይገባም። እሳቸው ሲያልፉ ከእህት ወንድሞቻችሁ ጋር እኩል ትካፈሉታላችሁ፤ እናንተ ከቀደማችሁ ደግሞ ልጃችሁ ከአጎትና ከአክስት ጋር ይሟገታል። ያወጣችሁት ገንዘብ ካለ አሁኑኑ፣ ሁሉም በሰላም እያለ፣ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ያስቀይማል፣ አውቃለሁ። የኋላው ግን የበለጠ ያስቀይማል።

ኑዛዜውን እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ጻፉ። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። በራሳችሁ እጅ ከጻፋችሁት ሙሉውን በእጃችሁ ጻፉት፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ አስቀምጡ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ አኑሩ። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ አትርሱት፤ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። እኔ የምመርጠው በግልጽ የሚደረገውን ነው፦ እናንተና አራት ምስክሮች ባላችሁበት ይነበባል፣ መነበቡና ቀኑ እዚያው ይጻፋል፣ ሁላችሁም ወዲያው ትፈርማላችሁ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም መዝጋቢ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ምስክሮቹ ጽሑፉ የተጻፈበትን ቋንቋ ማወቅ አለባቸው፣ በኑዛዜው የሚሰጣቸው ነገርም መኖር የለበትም። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ ስለሚሠሩ በአማርኛ ከጻፋችሁት ትርጉም እንደሚጠየቅ አስቡ።

ሁለታችሁም ባትኖሩስ? ልጁን የሚያሳድገውን አሳዳሪና ንብረቱን የሚጠብቀውን ሞግዚት በኑዛዜው ሰይሙ። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ገንዘብ አያያዙ የሚታወቅን ሰው ለንብረቱ ለብቻ ብትሰይሙ ደስ ይለኛል። የክርስትና አባትነት በሕግ ሞግዚት አያደርግም። ከመሰየማችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት እንጂ በድንገት ዱብ አታድርጉበት።

የጡረታ ተከፋይ ከሆናችሁ መሥሪያ ቤታችሁ ልጁን በቤተሰብ ፎርማችሁ ላይ ይጨምር። የተተኪዎች አበል ለሟች ባለቤት 50 በመቶ፣ ለልጅ 20 በመቶ ነው። እድሩም ላይ ልጁን አስመዝግቡ።

በአንድ ገጽ ደግሞ የባንክ ሂሳቦቻችሁን፣ ያልወጣ እቁብ፣ ያበደራችሁትንና የተበደራችሁትን ጻፉ። ሰው የሚደብቀው ብድሩን ነው፤ እሱን በተለይ ጻፉት። የሚስጥር ቁጥር እዚህ ላይ አያስፈልግም፣ ወራሽ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሂሳቡን ማንቀሳቀስ ይችላል።

ከልጁ በፊት የጻፋችሁት ኑዛዜ ካለ አትመኑበት። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ተወልዶ ውርሱን ከተቀበለ፣ ዳኛ ካላጸናቸው በቀር በኑዛዜው የተሰጡት ስጦታዎች ይፈርሳሉ። ሁለተኛው ልጅ ሲመጣም እንደ አዲስ ጻፉት።