ብሎክቼይን ሲያድግ መርሁን እንዳይለቅ፦ የደንብ አጻጻፍ

የብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በጋራ የሚያዝ የዝውውር መዝገብ) ማኅበረሰቦች ብዙውን ጊዜ የሚጣሉት መርህ አጥተው ሳይሆን መርሃቸውን በልክ ስላላስቀመጡት ነው። «ያልተማከለ እንሁን» ሲባል ሁሉም ያጨበጭባል። ጠቡ የሚነሳው ተጠቃሚ በዝቶ የዝውውር ክፍያ ሲንር፣ ወይም ብዙ ቶከን (ድምፅም የሚሰጥበት የኔትወርኩ ዲጂታል ሳንቲም) የገዛ ባለሀብት ፈጣን ለውጥ ሲጠይቅ ነው። ያን ጊዜ ደንብ እንጻፍ ቢባል ረፍዷል፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ማንን እንደሚጠቅም ሁሉም አስልቶ ስለሚመጣ መስማማት የለም። ደንቡ መጻፍ ያለበት ነገር ሳይካረር፣ አባላቱ ገና ጥቂት ሳሉ ነው። (ከታች ያሉት ቀኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መርሁን በልክ ጻፉት

ከሦስት እስከ አምስት መርህ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ሥር መጣሱ የሚታወቅበትን ልክ አስቀምጡ። «ማንም ሰው ኖድ (የመዝገቡን ቅጂ ይዞ የሚያረጋግጥ ኮምፒውተር) ማስኬድ ይችላል» ብቻውን ምኞት ነው። «2 ቴራባይት ዲስክ ያለው ተራ ኮምፒውተር፣ በቤት ኢንተርኔት፣ ሰንሰለቱን (ሙሉውን መዝገብ) ከመጀመሪያው ብሎክ (የዝውውሮች ጥቅል) ጀምሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ አውርዶ ያረጋግጣል» ከተባለ ግን የሚመዘን ነገር ተገኘ። ከዚያ በኋላ የዕድገት ሐሳብ የሚያቀርብ ሁሉ ሒሳቡን አብሮ እንዲያቀርብ አስገድዱ።

ብሎኩ ይስፋ በሚሉና አይስፋ በሚሉ መካከል የተነሳው የቢትኮይን የብሎክ መጠን ክርክር ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ብሎክ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ይወጣል፤ በቀን 144 ይሆናል። እያንዳንዱ 1 ሜጋባይት ከሆነ ሰንሰለቱ በዓመት በ53 ጊጋባይት ገደማ ያድጋል። ወደ 8 ሜጋባይት ከፍ ብሎ ሁልጊዜ ቢሞላ ደግሞ በ420 ጊጋባይት። ክፍያው ይረክሳል፣ ብዙ ሰው ይስተናገዳል፤ ኖድ የሚያስኬደው ሰው ግን በየጥቂት ዓመቱ ዲስክ ሊገዛ ነው። ሁለቱም ወገን እውነት ይዞ ነበር፤ ችግሩ የትኛው ሸክም እንደሚበልጥ የሚዳኝ የተጻፈ ልክ አለመኖሩ ነው። ኦገስት 1 ቀን 2017 ቢትኮይን ካሽ በ8 ሜጋባይት ብሎክ ተገንጥሎ ወጣ። የቀሩት በዚያው ወር ሴግዊትን ሥራ ላይ አዋሉ፤ የፊርማውን መረጃ በቅናሽ እየቆጠረ ለዝውውር ተጨማሪ ቦታ የሚከፍት፣ ያልታደሰ ኖድንም ከሥራ የማያስወጣ ማሻሻያ ነው።

ልኩ በግልጽ ሲታወቅ ሌላ መንገድም ይታያል። ኢቴሪየም የተባለው ብሎክቼይን በማርች 2024 ለሁለተኛ ደረጃ ኔትወርኮች (ዝውውሩን ከዋናው ሰንሰለት ውጭ ሠርተው በእሱ ላይ ለሚያስመዘግቡ) ርካሽ የመረጃ ቦታ ሲከፍት፣ መረጃው ከ18 ቀን ገደማ በኋላ ከኖዶች ላይ እንዲሰረዝ አደረገ። ቦታው ሰፋ፣ የኖዱ ዲስክ ግን ለዘላለም ሸክም አልተጫነበትም።

የማይነካውን ከሚለወጠው መለየትም ያስፈልጋል። የማይነካው ሁለት ነገር ቢሆን ጥሩ ነው፦ የቶከኑ ጣሪያ (ቢትኮይን 21 ሚሊዮን እንዳለው) እና ያለ ባለቤቱ ቁልፍ (የሚፈርምበት ሚስጥራዊ ኮድ) ንብረቱ አለመንቀሳቀሱ። ክፍያ፣ የብሎክ መጠን፣ በጀት በድምፅ ይለወጡ። ሁሉንም የማይነካ ያደረገ ማኅበረሰብ የኮድ ስህተት እንኳ ማረም ያቅተዋል።

ድምፅ አሰጣጡን ከገንዘብ ጉልበት ጠብቁት

ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። በአፕሪል 2022 ቢንስቶክ በተባለው ፕሮጀክት ላይ የሆነውን በቅርበት እንመልከት። አጥቂው የውሳኔ ሐሳቡን ከአንድ ቀን በፊት አስገባ። በማግስቱ በዚያው ዝውውር ውስጥ የሚመለስ፣ መያዣ የማይጠየቅበት ከፍተኛ ብድር ወሰደ፣ በብድሩ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ ያዘ፣ የራሱን ሐሳብ አጸደቀ፣ ካዝናውን አራቆተ፣ ብድሩን መለሰ። ኮዱ የተጻፈለትን ነው ያደረገው። ቀዳዳው ሁለት ነበር፤ የድምፅ መብቱ ወዲያው ይጸና ነበር፣ የጸደቀውም ሐሳብ ወዲያው ይፈጸም ነበር።

ሁለቱንም ለመድፈን የድምፅ ብዛት ሐሳቡ ከመቅረቡ በፊት ከነበረ ብሎክ ላይ ይቆጠር። ከዚያ 7 ቀን ለውይይት፣ 5 ቀን ለድምፅ፣ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 2 ቀን ለመጠባበቂያ ስጡ፤ በውሳኔው ያልተስማማ ገንዘቡን ይዞ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። መርህ የሚነካ ከሆነ ጊዜውም ድርሻውም ይጨምር። የቢትኮይን ታፕሩት ማሻሻያ ለመጽናት ከ2,016 ብሎኮች በ1,815ቱ፣ ማለትም በ90 በመቶው፣ የብሎክ አምራቾች ድጋፍ ያስፈልገው ነበር፤ ድጋፉን በጁን 2021 አግኝቶም እስከ ኖቬምበር ሥራ ላይ አልዋለም። ዘገየ የሚሉ ነበሩ፤ ኖድ አስኬያጆች ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ሶፍትዌራቸውን አድሰዋል።

ምልዓተ ጉባኤውን በግምት አትወስኑ። ያለፉትን አምስት ድምፅ አሰጣጦች ተሳትፎ አይታችሁ ከዝቅተኛው ትንሽ ዝቅ አድርጉት። በጣም ከፍ ካለ ምንም አይጸድቅም፣ ሰውም ተስፋ ቆርጦ ይቀራል፤ በጣም ዝቅ ካለ ጥቂቶች በበዓል ሰሞን የፈለጉትን ያሳልፋሉ።

ደንበኞች ቶከን በሚገዙባቸውና በሚያስቀምጡባቸው መገበያያ ድርጅቶች እጅ ያለው ቶከንም አይዘንጋ። በ2020 በስቲም ኔትወርክ ላይ ደንበኞች ያስቀመጡት ቶከን ለድምፅ ዋለ፤ በዚህ የተቆጡት አባላት ሃይቭ የተባለ የራሳቸውን ሰንሰለት መሥርተው ወጡ። ሃይቭ አዲስ ስቴክ የተደረገ (ድምፅ ለመስጠት የተቆለፈ) ቶከን ለ30 ቀን በአስተዳደር ድምፅ እንዳይሰጥ ደነገገ። ይህን ደንብ እንዳለ መውሰድ ይቻላል።

ለአደጋ ጊዜ ከ7 ቁልፍ ያዦች 5ቱ የሚፈርሙበት ዋሌት (ዲጂታል ቦርሳ) አዘጋጁ፣ ሥልጣኑ ግን ኮንትራቱን (በሰንሰለቱ ላይ በራሱ የሚሠራውን ኮድ) ለ14 ቀን ማገድ ብቻ ይሁን። ገንዘብ ማንቀሳቀስ ወይም ኮድ መቀየር ከተፈቀደለት ባልተማከለ ስም የተቀመጠ ባንክ ነው።

መለያየት ከመጣ

አንዳንዴ ስምምነት አይገኝም። በጁን 2016 በኢቴሪየም ላይ ዳኦ ከተባለ የጋራ ገንዘብ ኮንትራት 3.6 ሚሊዮን ኢተር (የኢቴሪየም ሳንቲም) ሲመዘበር፣ ገንዘቡ በኮንትራቱ የመቆያ ደንብ ምክንያት ለሳምንታት መውጣት ስላልቻለ ለክርክር ጊዜ ተገኘ። ጁላይ 20 በሃርድ ፎርክ (ያልተቀበሉት ኖዶች የሚለዩበት የደንብ ለውጥ) ገንዘቡ ተመለሰ፤ «ኮዱ ሕግ ነው» ያሉት በኢቴሪየም ክላሲክ ቀጠሉ። ከመርሁ ክርክር ይልቅ ተራውን ተጠቃሚ የጎዳው ሌላ ነገር ነበር፤ በአንዱ ሰንሰለት የተፈረመ ዝውውር በሌላውም ይሠራ ስለነበር አንዳንዶች ሳያውቁት ሳንቲማቸው ወጣባቸው። መከላከያው በኖቬምበር ነው የገባው።

ስለዚህ ከመለያየታችሁ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት የአንዱ ዝውውር በሌላው እንዳይሠራ አዲሱ ሰንሰለት የራሱ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ የሚለያዩበትን የብሎክ ቁጥር አውጁ፤ ስሙ፣ ድረ ገጹና ካዝናው ለማን እንደሚቀር በጽሑፍ አስፍሩ።