ካፕስ ሎክ መብራቱን ኤዲተሬ እንዲነግረኝ ያደረግኩት እንዲህ ነው

በአጠራር በሚጻፍ የአማርኛ ኪቦርድ ካፕስ ሎክ (የእንግሊዝኛ ፊደላትን ትልቅ የሚያደርገው ቁልፍ) ሳይታወቅ ሲበራ ጉድ ነው። «ት» ሲባል «ጥ»፣ «ች» ሲባል «ጭ» ይመጣል። በብሮውዘር ለሚሠራው ኤዲተሬ (የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራሜ) ማስጠንቀቂያ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

መፍትሔው «ጌት ሞዲፋየር ስቴት» የሚባለው የጃቫስክሪፕት (የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ትእዛዝ ነው። ካፕስ ሎክ በርቶ እንደሆነ ይናገራል፤ የቁጥር ቁልፎችን የሚያበራውን ነም ሎክንም ያውቃል። ግን ዝም ብሎ አይጠየቅም። ኪቦርድ ወይም ማውዝ ሲነካ ከሚፈጠረው ኢቨንት (ብሮውዘሩ የሆነውን ነገር ለፕሮግራሙ የሚያሳውቅበት መልእክት) ላይ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ገጹ እንደተከፈተ መልስ የለም።

ቁልፍ ሲጫንም ሲለቀቅም፣ ማውዝ ሲጫንም እንዲያይ አደረግኩት። የማውዙ ነገር በጣም ይጠቅማል፦ ሰው ሌላ መስኮት ሄዶ ካፕስ ሎክ አብርቶ ቢመለስ፣ ጽሑፉ ላይ ክሊክ ሲያደርግ ገና ፊደል ሳይነካ ምልክቱ ይታየዋል። ከመስኮቱ ሲወጣ ደግሞ ምልክቱ ይጠፋል፤ እዚያ ሆኖ ቢቀይረው ኤዲተሩ አያይምና።