ሳኒበል ደሴትን በባሕሩ ሰዓት መጎብኘት

ፍሎሪዳ ውስጥ ወደምትገኘው ሳኒበል ደሴት ለመሄድ ስታስቡ፣ ከሆቴል ዋጋ በፊት የባሕሩ ውኃ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ። ዛጎል የሚለቀመውም ወፍ በደንብ የሚታየውም ውኃው ሲጎድል ነው። ደግነቱ የሁለቱ ቦታዎች ውኃ በአንድ ጊዜ አይጎድልም። ዛጎል የሚለቀምበት፣ በደቡብ በኩል ለሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ክፍት የሆነው ዳርቻ ቀድሞ ይጎድላል፤ ወፎቹ የሚታዩበት፣ በሰሜን በኩል ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውኃ የሚበቅል ዛፍ የሞላበት የውስጡ ውኃ ዘግይቶ ይከተለዋል። ስለዚህ በአንድ ጠዋት ለሁለቱም መድረስ ይቻላል።

ሰንጠረዡን የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር (ኖአ) በነጻ ያወጣዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰንጠረዡ የሚወጣበትን የመለኪያ ጣቢያ ሲመርጥ ነው፤ የውስጡን ውኃ ሰዓት ይዞ ውጭው ዳርቻ ሲደርስ ባሕሩ መሙላት ጀምሯል። ሁለቱን ለየብቻ ጻፉ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጠዋት 6፡40 የሚለው በእኛ ከንጋቱ 12፡40 ነው። ከውኃው ከፍታ ቁጥር ፊት የመቀነስ ምልክት ካለ ውኃው ከወትሮው በላይ ይሸሻል ማለት ነውና ያ ቀን አይለፋችሁ። እንዲህ ያሉ ቀናት የሚበዙት ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ነው።

ደሴቷ ከዋናው ምድር ጋር የምትገናኘው በ1963 በተከፈተ፣ ባሕሩን በሚያቋርጥ መንገድና ድልድይ ነው። ክፍያው ሲገባ እንጂ ሲወጣ የለም። ሳኒበል ላይ አንድም የትራፊክ መብራት አታገኙም፤ ነዋሪዎቹ እንዲህ መሆኑን ወደውታል። በፌብሩዋሪና በማርች ግን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው በአንድ መንገድ ሊወጣ ሲሰለፍ መኪናው አይንቀሳቀስም። ወይ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ውጡ፣ ወይ እራታችሁን እዚያው በልታችሁ ተመለሱ።

ዛጎል እዚህ የሚበዛው በደሴቷ አቀማመጥ ምክንያት ነው። በዚህ ዳርቻ ያሉ ደሴቶች አብዛኞቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ ሲሆኑ፣ ሳኒበል ግን ታጥፋ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተኝታለች። ከደቡብ የሚመጣው ውኃ ሲያርፍባት ዛጎሉን ያራግፋል፤ የባሕሩ ወለልም ቀስ እያለ ስለሚጠልቅ ዛጎሉ ሳይሰባበር ይደርሳል። ከሰሜን ምዕራብ ጠንከር ያለ ነፋስ ነፍሶ ካደረ የበለጠ ይገኛል።

ውኃው ከመጨረሻው ጉድለት ከመድረሱ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ዳርቻው ላይ ተገኙ። ቦውማንስ ቢች የሚባለው ዳርቻ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ድልድይ ተሻግሮ ጥቂት ስለሚያስኬድ ሰው ይቀንሳል። ብላይንድ ፓስ በሚባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ዘንድ ዛጎሉ ብዙ ቢሆንም የውኃው ግፊት ኃይለኛ ስለሆነ እዚያ አትዋኙ። ሞገዱ በመጨረሻ የሚደርስበትን መስመር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሞገዱ ከሚሰበርበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስበት ቦታ፣ እንደ ቦይ የጎደጎደ መስመር አለ፤ ከባዱና ሙሉው ዛጎል የሚከማቸው እዚያ ነው። ጆኖኒያ የሚባለውን ባለ ቡናማ ነጠብጣብ ዛጎል ያገኘ ሰው ፎቶው የደሴቷ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ብርቅ ነውና እሱን ብላችሁ ብቻ አትምጡ።

ሕጉ ጥብቅ ነው። ነፍስ ያለበትን ዛጎል፣ ኮከብ ዓሣ፣ የባሕር ጃርትና ሳንድ ዶላር (ሳንቲም የመሰለ ጠፍጣፋ የባሕር እንስሳ) መውሰድ ክልክል ነው፤ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 500 ዶላር መቀጮና እስከ 60 ቀን እስራት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ገልብጣችሁ እዩ። አፉ እንደ ጥፍር በጠነከረ ቡናማ ክዳን ከተዘጋ ባለቤቱ ውስጥ ነው። ባለ ሁለት ክፋይ የሆነውም ክፋዮቹ ገጥመው አልከፈት ካሉ እንደዚያው። ባዶ ከመሰላችሁ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ይዛችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ተደብቆ የነበረ ሸርጣን እግሩን ያወጣል። ሳንድ ዶላር ቡናማ ሆኖ ጥቃቅን ፀጉሩ ከተንቀሳቀሰ ሕያው ነው፤ የሞተው ነጣ ይላል። ሕያው ሆኖ የተገኘውን ሳትወረውሩ ውኃው ውስጥ አስቀምጡት።

ውኃ ውስጥ ስትሄዱ እግራችሁን ከአሸዋው አታንሱ፣ እየጎተታችሁ ሂዱ። በሞቃቱ ወራት ስቲንግሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ አሸዋ ለብሶ ይተኛል፤ ሲረገጥ በጅራቱ እሾህ ይወጋል፣ ንዝረቱን ከሰማ ግን ቀድሞ ይሸሻል። ከወጋ የተወጋውን እግር ቆዳ በማያቃጥል፣ በሚቻል ሙቅ ውኃ መንከር ሕመሙን ያበርዳል፤ ከዚያ ሐኪም ይየው።

ከዳርቻው በቀጥታ ወደ ዲንግ ዳርሊንግ የዱር እንስሳት መጠለያ እለፉ። ቦታው በ1945 ተመሥርቶ በኋላ የካርቱን ሠዓሊውንና የተፈጥሮ ጥበቃ ተሟጋቹን ጄይ ኖርዉድ ዳርሊንግን ስም ይዟል። መኪና የሚገባበት መንገድ ዓርብ ዝግ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ዓርብ መጥቶ የሚመለሰው ጎብኚ ብዙ ነው። ለመኪና 10 ዶላር፣ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ 1 ዶላር ይከፈላል። 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆነው መንገድ የአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ያለፋችሁትን ለማየት ዞሮ እንደገና መግባት ነው። ስለዚህ አትቸኩሉ። ከመንገዱ ሥር ውኃ በሚያልፍባቸው ቱቦዎች ዘንድ ቁሙ፤ ጉድለቱ ዓሣውን ወደ ጠባብ ቦታ ሲነዳው ወፎቹ ይሰለፋሉ። በተቻለ መጠን መኪና ውስጥ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ በር ሲከፈት ይበርራሉ። ጎብኚው ሁሉ ፍላሚንጎ የሚለው ሮዝ ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ስፑንቢል ነው፤ አፉ እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ መሆኑን በአቅራቢ መነጽር ለዩ። ነጭ ፔሊካን የሚታየው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው። አሊጌተር የሚባለውን የአዞ ዘመድ ካያችሁ ምግብ አትስጡ፤ ወንጀል ነው፣ ሰውን የለመደ አሊጌተርም መጨረሻው መገደል ነው።

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ የተለመደ ስለሆነ የውጭ ሥራውን ሁሉ ከእኩለ ቀን በፊት ጨርሱ። ዳርቻው ላይ ያለ ምክንያት ካሳላችሁና ዓይን ከቆጠቆጣችሁ ሬድ ታይድ የሚባለው መርዛማ አልጌ ሊሆን ይችላል፤ አስም ያለበት ሰው ቶሎ ይራቅ። በሞቃቱ ወራት ደግሞ የባሕር ኤሊ እንቁላል ይጥላል፤ የቆፈራችሁትን ጉድጓድ ድፈኑ፣ ማታ ዳርቻው ላይ ባትሪ አታብሩ።

ዛጎሉን ሳታጥቡ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ በማግስቱ ይሸታል። በንጹሕ ውኃ አለቅልቃችሁ፣ እኩል በረኪናና ውኃ ቀላቅላችሁ ላዩ ላይ ያለው ቡናማ ሽፋን እስኪለቅ ዘፍዝፉት፤ በየመሐሉ እያያችሁ። በረኪናውን ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አታገናኙ፣ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ከደረቀ በኋላ ሚኒራል ኦይል ቀብታችሁ ወልውሉት፣ ቀለሙ ይመለሳል። ሳንድ ዶላር ግን በረኪና ውስጥ ከቆየ ይፈረፈራል፤ እሱን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነክራችሁ አውጡ።