ሥዕሉ እሺ አልል ሲል፦ በትርፍ ጊዜያችሁ በዘይት ቀለም ለምትስሉ

በትርፍ ጊዜው በዘይት ቀለም የሚስል ሰው ሁሉ የሆነ ጥግ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የዞሩ ሸራዎች አሉት። ተጀምረው ያላለቁ። መጀመሪያ ደስ ይሉ ነበር፣ መሃል ላይ የሆነ ነገር ተበላሸ፣ ከዚያ ሥራ በዛ፣ አሁን ማየቱም ያስጠላል። እዚህ ጋ ስንደርስ ብዙዎቻችን "ተሰጥኦ የለኝም" ወደሚለው እንሮጣለን። እኔ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሸራው ላይ ነው ባይ ነኝ። ወይ ጨለማና ብርሃኑ ተመሳስሏል፣ ወይ ብሩሹ ቆሽሿል፣ ወይ ቀለሙ አልደረቀም። ሦስቱም በዓይን የሚታዩ፣ በእጅ የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው። ከራሳችሁ ጋር ከመጣላታችሁ በፊት እነሱን መርምሩ።

ከብርሃኑ እንጀምር። ሥዕሉን በስልክ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። የምትስሉትንም ነገር እንዲሁ። ጎን ለጎን ስታዩዋቸው ጉዱ ይወጣል፤ በቀለም ሲታዩ ጭራሽ የማይገናኙት ቀዩ ጨርቅና አረንጓዴው ጠርሙስ እዚህ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ተዋህደዋል። ሥዕሉ የሞተ የመሰለው ለዚህ ነው። ሌላ ቀይ ብትቀይሩ ምንም አይፈይድም፤ አንዱን አጨልሙ፣ ሌላውን አብሩ። ጀማሪ ደግሞ ጨለማ ይፈራል። ጥላውን ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞ "ብርሃኑ ለምን አይበራም?" ይላል። ስልክ ከሌለ ዓይንን ጠበብ አድርጎ ማየትም ይሠራል። መስታወትም አለ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በማስታወሻዎቹ ሥራን በመስታወት እያዩ ማረምን ይመክራል። ግራና ቀኙ ሲገለበጥ ሥዕሉ የሌላ ሰው ይመስላል፣ የሌላ ሰው ስህተት ደግሞ ቶሎ ይታያል።

ሁለተኛው በሽታ ጭቃ ነው። ፓሌት (ቀለም መደባለቂያው ሰሌዳ) ላይ ያማረ ቀለም ሸራው ላይ ሲያርፍ አመድ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከሥር ያለው ገና እርጥብ ነው፣ እናንተም እየደጋገማችሁ ታሹታላችሁ። አንዴ አሳርፋችሁ እጃችሁን አንሱ። ብሩሹን ቶሎ ቶሎ በጨርቅ ጥረጉ። ይህ ከሰለቻችሁ ሁለት ብሩሽ ያዙ፣ አንዱ ለጨለማ ብቻ፣ ሌላው ለብርሃን ብቻ።

ቢጫ ሎሚ ስሎ የሚያውቅ ይህንን ያውቀዋል። የጥላው ጎን ይጨልም ብላችሁ ቢጫው ላይ ጥቁር ትጨምራላችሁ፣ ሎሚው አረንጓዴ ይሆንባችኋል። አይቮሪ የሚባለው ጥቁር ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ከቢጫ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ማምጣቱ አይቀርም። በብሩሽ ጫፍ ትንሽ ቀይ ጨምሩበት። አረንጓዴው ይጠፋና ጥላው ሞቅ ያለ ቡናማ ይሆናል። ስዊድናዊው ሰዓሊ አንደርስ ዞርን (1860–1920) ደግሞ ይህንኑ የጥቁር ጠባይ ለጥቅሙ አውሎታል። በስሙ የሚጠራው ፓሌት፣ ማለትም የቀለም ምርጫ፣ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር፣ ቨርሚሊየን ቀይና ጥቁር ብቻ ነው፤ በሰማያዊ ፋንታ የሚሠራው ጥቁሩ ነው። በቨርሚሊየኑ ቦታ ካድሚየም ቀይ መጠቀም ይቻላል። ለተወሰነ ጊዜ በእነዚህ አራት ብቻ ሞክሩ። ቀለም ሲያንስ ጭቃውም ያንሳል፣ ደግሞም ሌላ ቱቦ ቢኖረኝ ኖሮ የሚለው ሰበብ ይቀራል።

ቀለሙ ከወፈረና ብሩሹ መንሸራተት ከጀመረ እልህ ውስጥ አትግቡ። የጋዜጣ ወረቀት እርጥቡ ላይ አስተኙና በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ተጭናችሁ አንሱት። ትርፉ ቀለም ከወረቀቱ ጋር ይነሳል፣ ቅርጹ ግን ደብዘዝ ብሎ ይቀራል፤ እሱ ላይ ትቀጥላላችሁ። ዘዴው ለንደን ውስጥ በስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤት ያስተምር በነበረው በሄንሪ ቶንክስ ስም ይታወቃል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን አምሮ የተሠራ ስህተት ነው። የሳላችሁት ፊት ዓይኑ እንዴት ወጥቶለታል! ብርሃኗ ነጥብ ሳትቀር ልክ ናት። ችግሩ ከቦታው ወደ ታች ወርዷል። እሱን ላለመንካት ስትሉ አፍንጫውን ትጎትታላችሁ፣ ግንባሩን ታረዝማላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ፊቱ በሙሉ ለአንድ ዓይን ሲባል ይጣመማል። ፎቶ አንሱትና በፓሌት ቢላ ፋቁት። አንዴ የሠራው እጅ እንደገና ይሠራዋል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ፈጠን ብሎ ይወጣል።

አሁን ወደ መድረቁ። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠጥረው፣ ስለዚህ ጊዜ ይፈልጋል። ሁሉም እኩል አይደርቅም። አምበር የሚባሉት ቡናማዎች ስስ ከሆኑ በአንድ ሁለት ቀን እጅ ላይ መያዝ ያቆማሉ፤ አይቮሪ ጥቁርና እንደ ካድሚየም ቀይ ያሉት የካድሚየም ቀለሞች ግን ሳምንትም ሊያስጠብቁ ይችላሉ። ንድፉን በአምበር ጀምሩ፣ ጥቁርን ከሥር አታወፍሩ። የታችኛው ንብርብር በተርፔንታይን (በቀለም ማቅጠኛው ፈሳሽ) የቀጠነ ይሁን፣ ወደ ላይ ስትወጡ ዘይቱ ይጨምር። ከተገለበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ታቹ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ከጊዜ በኋላ ይሰነጣጠቃል።

ሥራ ውሎ ማታ ለሚስል ሰው ይህ መዘግየት እንደውም ይመቻል። ሁለት ሦስት ሸራ አንድ ላይ ጀምሩ። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይጠብቃችኋል። ፈረንሳዊው ሰዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1890 እና 1891 የሣር ክምሮቹን ሲስል ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሸራ ይቀያይር ነበር። ግማሽ ሰዓት ብቻ ያላችሁ ቀን ደግሞ ትልቁን አትንኩ። ትንሽ ሰሌዳ ላይ አንድ ነገር ሳሉ፣ ወይም ቀለም ብቻ ደባልቁ። ምን ልታስተካክሉ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ብሩሹን አስቀምጡ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነካ ነካ ማድረግ ሥዕል ያደክማል።

ስትጨርሱ ጨርቁን ጨማድዳችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ! የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ ውስጥ ንከሩት። መስኮትም ክፈቱ፣ የተርፔንታይን ሽታ ራስ ያሳምማል።

ፊታቸውን ያዞሩት ሸራዎችስ? አንድ በአንድ አውጡ። አንዳንዱ ላይ ጨለማው ደብዝዞ አመዳም ሆኖ ከሆነ ቀለሙ አልተበላሸም፣ ዘይቱ ወደ ታች ተመጥጦ ነው። መድረቁን አረጋግጡና ቦታውን በጣም ስስ በሆነ የተልባ ዘይት አሽታችሁ ትርፉን ጥረጉት፤ ጥልቀቱ ይመለሳል፣ ከዚያ መቀጠል ይቻላል። ምንም ስሜት የማይሰጣችሁን በደንብ ሲደርቅ ውሃ በነካው የአሸዋ ወረቀት በስሱ ፈግፍጋችሁ አዲስ ሥዕል ጀምሩበት። ብቻ አክሪሊክ ጌሶ (ከሥዕል በፊት ሸራ ላይ የሚቀባውን ነጭ መደብ) እንዳትቀቡበት። በዘይት ቀለም ላይ አይያያዝም፣ ውሎ አድሮ ይላጣል።